ኬሞ ያስቆጣውን ቆዳ በዕፅዋት ማስታገስ፦ አጃ፣ እሬት፣ ሒና፣ እና ከቆዳ መራቅ ያለባቸው

አክስቴ ካፔሲታቢን የተባለውን የካንሰር (የኬሞ) ክኒን መውሰድ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት መዳፏን ዘርግታ «ምጣድ የነካሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ምጣድ አልነካችም። መዳፏ ከወትሮው ጠቁሮ፣ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ የጣቶቿ መታጠፊያ ላይ ያሉት መስመሮች መሰንጠቅ ጀምረዋል። ወሬው ሲሰማ ቤታችን የዕፅዋት ገበያ መሰለ። አንዷ ጎረቤት ጤና አዳም ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ሎሚና ማር፣ ሦስተኛዋ የተወቀጠ ፌጦ። ሁሉም የመጡት በፍቅር ነው። በመጨረሻ የጠቀመን ግን ማንም ያላመጣው፣ ከሱቅ የገዛነው አጃ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደዚያ ሳምንት ግራ ለገባው ሰው ነው፤ ለታማሚውም ለአስታማሚውም። ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንግባባ፦ ዕፅዋት እዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራ ትንሽ ነው። ያቀዘቅዛሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ ማሳከክ ያስታግሳሉ። «መርዙን ከቆዳ ስቦ ያወጣል» የሚባል ቅጠል የለም። የሚቀቡትም ባልተላጠና ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚታየውን ነገር ለዩ

ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። ካንሰሩ ፈጥኖ ይባዛል፤ የቆዳ፣ የፀጉር ሥር፣ የጥፍርና የአፍ ውስጥ ሕዋሳትም እንዲሁ ፈጣን ናቸውና አብረው ይመታሉ። መድኃኒቱ ሲለያይ ቆዳ ላይ የሚታየውም ይለያያል።

ካፔሲታቢንና ፍሎሮዩራሲል መዳፍንና የውስጥ እግርን ያስቆጣሉ፤ ሐኪሞች «ሃንድ ፉት ሲንድሮም» የሚሉት ይህን ነው። ዶሴታክሴል መዳፍንም ጥፍርንም ይነካል፤ ጥፍር ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ይነሳል። ብሊዮማይሲን የተሰጠው ሰው ሰውነቱን ሲያክክ ጥፍሩ ያለፈበት መስመር በጅራፍ የተገረፈ ይመስል ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ ማሳከኩን ቶሎ ማስታገስ ምቾት ብቻ አይደለም፣ ጠባሳንም ይከላከላል። ከነዚህ ሌላ በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል የሚመጣው ተራው ድርቀት ነው።

ብዙ የሕክምና ጽሑፎች «ቆዳው ከቀላ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም። መጥቆር፣ ወደ ሐምራዊ መሄድ፣ ማብረቅረቅ፣ ሲነካ መሞቅና ማቃጠል ነው ምልክቱ። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት «ቀልቷል ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «አልቀላም» ብላ መልሳለች። እውነቷን ነበር፤ ግን መዳፏ ያኔም ይለበልባት ነበር። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን ጠይቁ፦ ሲኒ ስትይዝ ያቃጥላታል? ጫማ ስታደርግ መርፌ እንደሚወጋ ይሰማታል?

ማንኛውንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ልትቀቡ ያሰባችሁትን ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ንገሩ። ብዙ ሰው «ይቆጡናል» ብሎ ይደብቃል። ቁጣውን ቻሉት፤ መዳፉ በድንገት ቢብስ ከክኒኑ ይሁን ከቅጠሉ መለየት የሚቻለው የተቀባው ሲታወቅ ነው። ሳይታወቅ ቀርቶ መድኃኒቱ ያለ ጥፋቱ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቆዳው ይቀበለው እንደሆነ ሞክሩ። ከክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ምረጡ፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ቀቡ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጠብቁ። አለርጂ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወጣም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ራሱን የሚያሳየው። ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ሽፍታ ካወጣ ታጥቦ ይጣላል። «መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ኋላ ይለምዳል» የሚባለውን አትስሙ።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ቁጠሩ። በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞ ከተወሰደ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ከጓሮ የተቆረጠ ቅጠል፣ ያልተጣራ ማር፣ ጥሬ ቅቤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ መቀባት ጀርም መጋበዝ ነው። በእነዚያ ቀናት በፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነገር ብቻ ተጠቀሙ።

አጃ፦ ለድርቀትና ለማሳከክ

አጃ ላይ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ፤ ያለው ማስረጃም ከሌሎቹ ይሻላል፣ ዋጋውም አይከብድም። በጣም የደቀቀ አጃ ውሃ ውስጥ ሲበተን ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እርጥበት ይይዛል፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮችም ማሳከክን ያበርዳሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 የደቀቀ አጃን በቆዳ መከላከያነት ተቀብሎታል።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። ለአጥሚት የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ የተቆላ ነው፤ ከገብስና ከስንዴ ጋር የተቀላቀለም አለ። የሚፈለገው ያልተቆላ፣ ስኳርም ቅመምም ያልገባበት ንጹሕ አጃ ነው። በፓኬት የሚሸጠው ጠፍጣፋ አጃ ይሆናል።

አንድ ኩባያ አጃ በቡና መፍጫ ፍጩ። መፍጫው በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የተፈጨበት እንዳይሆን! እኛ ቤት የመጀመሪያው ሙከራ የተበላሸው በዚህ ነው፤ መፍጫውን ሁለት ጊዜ አጥቤው እንኳ ሽታው አልለቀቀም፣ የአክስቴ እጅ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የራሴን ነክሬ መሞከሬ በጀ። የተፈጨውን በደቃቅ ወንፊት ንፉት። መድቀቁን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አማስሉ። ውሃው ወተት ከመሰለና በጣት ሲነካ ካሙለጨለጨ ደቋል። ከሥር እንደ አሸዋ ከተቀመጠ መልሳችሁ ፍጩት።

ለእጅ ወይም ለእግር፣ ንጹሕ ሳፋ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አድርጉና አራት የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ አጃ በትኑበት። የውሃውን ሙቀት በአስታማሚው ክርን ለኩ፤ የታማሚው መዳፍ ስለተጎዳ ሙቀት በትክክል ላይለይ ይችላል። ለ15 ደቂቃ ያህል ይነከር። ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ ቆዳውን መልሶ ያደርቀዋል። ሲወጣ አትሹት፤ በንጹሕ የጥጥ ፎጣ መታ መታ እያደረጋችሁ አድርቁት፣ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ደርቡበት። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከቀረ አጃው ከንቱ ነው፤ ቆዳው ላይ የቀረው ውሃ ሲተን ከበፊቱ የባሰ ይደርቃል።

ሙሉ ሰውነት ለሚያሳክከው ገንዳ ከሌለ፣ እፍኝ አጃ በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያም ነጩን ፈሳሽ በሰውነት ላይ እየጨመቃችሁ አፍስሱ። ወለሉ በጣም ስለሚያንሸራትት ታማሚው ይቀመጥ። የተረፈውን ውሃ ለነገ አታስቀምጡ፤ ይቦካል። ለአጃ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ሁሉ ይዝለለው።

እሬት፦ ጄሉ እንጂ ወተቱ አይደለም

እናቶች ሕፃን ጡት ለማስጣል ጡታቸውን የሚቀቡት መራራ እሬት ሁላችንም እናውቃለን። ያ ምሬት ያለው ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር በሚፈስሰው ቢጫ ወተት ውስጥ ነው። እሱ ሆድ ያስቀምጣል፣ ቆዳንም ያስቆጣል። የምንፈልገው ከመሐል ያለውን ጥርት ያለ ጄል ብቻ ነው። በተራራና በመንገድ ዳር የሚበቅሉት የአገራችን እሬቶች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ አስተማማኙ በየቤቱ በማሰሮና በጣሳ የሚተከለው፣ ቅጠሉ ወፍራም የሆነው አሎ ቬራ ነው።

ከሥር ካሉት ቅጠሎች አንድ ቁረጡ፣ በሳሙና እጠቡት። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቁሙት፤ ቢጫው ከሥር ይጠራቀማል፣ ይደፋል። ከዚያ እሾሃማውን ጠርዝና ቅርፊቱን በንጹሕ ቢላዋ ገፍፉ፣ ጥርት ያለውን ሥጋ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁ። በስሱ ቀቡት። ከዕለቱ ከተረፈ ጣሉት።

ቅዝቃዜው እፎይ ያሰኛል፤ ለሰላሳ ደቂቃ ያህል ማቃጠሉን ያስረሳል። ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጥም። እሬት በጨረር ሕክምና የሚቆጣ ቆዳን ይከላከላል ተብሎ ተደጋግሞ ተፈትኗል፤ ከተራ ማለስለሻ ቅባት እንደሚበልጥ በአስተማማኝ ሁኔታ አልታየም። ጨረርም አብሮ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የጨረር ክፍሉ ሳይፈቅድ ምንም አይቀባም።

ሒናና እንሶስላ

ሒና ለካፔሲታቢን መዳፍ ይጠቅማል የሚለው ወሬ መነሻ አለው። በ2008 ከቱርክ የወጣ አንድ ጽሑፍ መዳፋቸው የተቆጣ 10 ሕመምተኞች ሒና ተቀብተው አብዛኞቹ እንደተሻላቸው ዘግቧል። አሥር ሰው፣ ያውም ካልተቀባ ሰው ጋር ሳይነጻጸር፤ ለተስፋ እንጂ ለእርግጠኝነት አይበቃም።

ሐረርም ሆነ ሌላ ቦታ ሒና የሚሞቅ ሰው ሊሞክረው ቢፈልግ ሦስት ነገር ይጠብቅ። ንጹሕ የተፈጨ ቅጠል ይሁን፤ ቶሎ እንዲጠቁር ኬሚካል የተጨመረበት «ጥቁር ሒና» ጤነኛ ቆዳን እንኳ አቁስሎ የዕድሜ ልክ አለርጂ ሊተው ይችላል። የተሰነጠቀ ቦታ ላይ አይደረግ። ሐኪሙ መዳፉን አይቶ ደረጃውን ከመዘገበ በኋላ ይሁን።

ይህን የመጨረሻውን የተማርነው በራሳችን ነው። አክስቴ ለእንቁጣጣሽ እጇንና እግሯን እንሶስላ ሞቀች። በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ መዳፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «እናቴ፣ አምሮብዎታል» አለቻት ሳቅ ብላ፣ «ግን የቱ መቆጣት፣ የቱ እንሶስላ እንደሆነ እንዴት ልለይ?» በጣት መለኪያውም ኦክሲጅኗን ሲለኩ በቀለሙ ምክንያት ቁጥሩን አላመኑትም። እንሶስላ ሒና አይደለም፤ የሌላ ተክል ሥር ነው። ለተቆጣ ቆዳ ይጠቅማል የሚያሰኝም ነገር የለውም። ለበዓል ያምራል፤ በኬሞ ወራት ግን መዳፍ ለሐኪም ዓይን ክፍት ይሁን።

ከቆዳ የሚርቁ

ጎረቤቶቻችን ያመጧቸው እዚህ ውስጥ ናቸው።

ጤና አዳምና ሎሚ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች አሏቸው፤ እነዚህ ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፣ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጥላ ይተዋል። ፍሎሮዩራሲልና ሜቶትሬክሴት የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ራሳቸው ቆዳን ፀሐይ እንዲፈራ ያደርጋሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ደመና ባለበት ቀን እንኳ ቀላል አይደለችም። ሦስቱ ሲገናኙ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ኬሞ ያጠቆረውን ቆዳ ለማንጣት ሎሚ የሚቀቡ አሉ፤ ውጤቱ ተቃራኒው ነው። ለዚሁ የሚገዙ ማንጫ ክሬሞችም ይቅሩ። ጥቁረቱ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እየፈዘዘ ይሄዳል።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጠው ሲለጠፉ ቆዳን በኬሚካል ያቃጥላሉ፤ «ሞቀኝ» የሚባለው ያ ነው። የቁልቋል ወተት፣ ብሳናና እንዶድም እንዲሁ ይራቁ። ጥቁር አዝሙድ ዘይት በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ነው፣ ግን የቆዳ አለርጂ አስነስቶ ያውቃል፤ ያለ ሙከራ አይቀባ።

ቅቤን በተመለከተ፦ ፀጉሩ የረገፈ ራስ ላይ ለጋ ቅቤ መቀባት ለእናቶቻችን ደግነት ነው። ጥሬ ቅቤ ግን ጀርም አለበት፣ የራስ ቆዳ ላይ የሚወጡትን ትንንሽ ብጉሮች ይደፍናል፣ ሽታው ደግሞ ኬሞ የያዘውን ሰው ያስመልሰዋል። ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ይበቃል።

አፍ የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው

ለቆዳ ተብሎ የሚጠጣ ቅጠል ሁሉ ሐኪም ሳያውቅ አይጠጣ። ጉበት ብዙዎቹን የኬሞ መድኃኒቶች የሚያብላላበትን መንገድ ዕፅዋቱም ይጠቀሙበታል። በውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ኢሪኖቴካን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በደም ውስጥ በእጅጉ እንደሚቀንሰው በሚገባ ተረጋግጧል፤ ቆዳንም ፀሐይ እንዲፈራ ያደርጋል። ወጥ ውስጥ የገባ እርድ ወይም ዝንጅብል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው በብዛት የተዘፈዘፈውና በክኒን የታመቀው ነው።

ከቅጠሉ ይልቅ የሠራልን

ለመዳፍና ለእግር ከዕፅዋት የበለጠ ማስረጃ ያላቸው ሁለት ነገሮች ፋርማሲ ውስጥ አሉ። አንዱ ቆዳ የሚያለሰልስ ዩሪያ 10 በመቶ ያለው ክሬም ነው፤ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ሲቀባ መቆጣቱን ይቀንሳል። ሁለተኛው ሕመምና መቆጣት የሚያስታግሰው ዳይክሎፌናክ ጄል ነው። በ2024 ከሕንድ በወጣ፣ 264 ካፔሲታቢን የሚወስዱ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ጄሉን ከተቀቡት 3.8 በመቶ ብቻ መካከለኛ ወይም ከባድ የመዳፍ መቆጣት ሲገጥማቸው ካልተቀቡት ግን 15 በመቶ ገጥሟቸዋል። ኩላሊት፣ ጨጓራ ወይም አስም ያለበት ሰው ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትግዙ።

የቀረው የቤት ሥራ ክፍፍል ነው። እንጀራ መጋገር፣ በእጅ ልብስ ማጠብ፣ በረኪና መንካት፣ በርበሬ መደለዝ ለሌላ ሰው ይተላለፍ። ቡና በሲኒ ሳይሆን መያዣ ባለው ኩባያ ይጠጣ። ሰፋ ያለ ለስላሳ ጫማ፣ የጥጥ ካልሲ፤ ማታ ቅባት ተቀብቶ በላዩ የጥጥ ጓንት። ጥፍር ይጠር፣ ሥሩ ያለው ቆዳ አይቆረጥ። ፀሐይ ላይ ነጠላ አይበቃም፣ በድሩ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ ጃንጥላና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይጨመርበት።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው የመርፌውን ቦታ ይሸፍን፣ ነጭ የደም ሕዋሱ የወረደበትን ሳምንት ያሳልፍ፣ የመድኃኒቱን ቀጠሮም አያቋርጥ።

ሁሉንም ትታችሁ ወደ ሆስፒታል የምትሮጡበት

ሙቀት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ቆዳ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ መግል ከያዘ፣ ሽፍታው ከአፍ ቁስልና ከዓይን መቅላት ጋር አብሮ ከመጣ፣ ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ እንዲሁ። መዳፉ ዕቃ መያዝ፣ እግሩ መርገጥ ካቃተው በዚያው ቀን ደውሉ፤ ክኒኑን ለጥቂት ቀን ማቆም ወይም መጠኑን ማስተካከል የሐኪሙ ውሳኔ ነው፣ ብዙ ጊዜም ፈጥኖ ይሻላል።

መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባ ሳለ መርፌው የተተከለበት ቦታ ካቃጠለ ወይም ካበጠ ወዲያው ነርሷን ጥሩ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ከጀመረም ቶሎ ተመለሱ። እዚያ ቦታ ላይ ቅጠል አይደረግ፣ በረዶም ሙቅ ጨርቅም በራሳችሁ አታድርጉ። አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት ሲፈስስ በቅዝቃዜ፣ አንዳንዱ በሙቀት ነው የሚታከመው፤ ሲገለባበጥ ጉዳቱ ይሰፋል።

አክስቴ ከእንሶስላው ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ ሁለቱን መዳፏንና የውስጥ እግሯን በስልክ ፎቶ አነሳላታለሁ። ከሥሩ የተቀባችውን፣ ያቃጠላትንና የቻለችውን እጽፋለሁ፦ «ሲኒ ይዛለች»፣ «ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል»። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ የጠየቀችው መዳፏን ብቻ አልነበረም። «ስልኩንም አምጡት» አለችን።